የጠርሙስ ሥጋ፤ ከአውሮራ ኩሽና እስከ ጋቢና

በጭነት መኪናዬ ጋቢና ውስጥ ከአልጋው ሥር አንድ የፕላስቲክ ሳጥን አለ። ስድስት የሥጋ ጠርሙሶች በፎጣ ተጠቅልለው ይተኙበታል፤ ከጎናቸው አንድ ከረጢት ድርቆሽ፣ በርበሬ፣ አራት አምስት ራስ ሽንኩርትና ትንሽ ዘይት። ሥጋው ፍሪጅ አይፈልግም። ኔብራስካ፣ ኖርዝ ፕላት አካባቢ መኪናዬን አቁሜ ሌላው ሾፌር ለሀምበርገር ሲሰለፍ እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ።

ይህን ያየ ሐበሻ ሾፌር ሁሉ "እንዴት ነው የምትሠራው?" ይለኛል። ባለፈው ለአንዱ በስልክ ስነግረው ግማሹን ሰማ፣ ግማሹን ኔትወርክ በላው። እሱም ለሌላ ጓደኛችን "ቀላል ነው፤ ቀቅለህ ትኩሱን ጠርሙስ ውስጥ ጨምረህ መክደን ነው" ብሎ አስተላለፈለት። እንደሰማሁ ደውዬ አስቆምኩት። እንደዚያ የተዘጋ ሥጋ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ከነምክንያቱ አንዴ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

ከቋንጣ ልጀምር። እናቴ ሥጋውን ዘልዝላ፣ ጨውና በርበሬ አሽታ ገመድ ላይ ትሰቅለው ነበር። ቋንጣ ሳይበላሽ የሚከርመው ውሃው ስለወጣ ነው፤ ውሃ በሌለበት ተህዋስ አይራባም። ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው ሥጋ ግን እርጥብ ነው፤ መረቁ ውስጥ ተነክሮ ይከርማል፣ አየሩ ብቻ ነው የወጣለት። "አየር ካልገባበት ምን ይነካዋል?" የምንለው እዚህ ላይ ነው የሚያሳስተን። አየር የሚጠላ ተህዋስ አለ፤ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ይባላል። ኑሮው አፈር ውስጥ ነው፤ ከአፈር ወደ አትክልቱም ወደ ሥጋውም ይደርሳል። ኑሮ ሲከብደው ስፖር የሚባል ጠንካራ ዘር ሆኖ ይቀመጣል፣ ያንን ዘር ደግሞ የፈላ ውሃ አይገድለውም። ጠርሙሱ ተዘግቶ መደርደሪያ ላይ ሲውል የሚፈልገው ሁሉ ተሟላለት ማለት ነው፦ አየር የለም፣ እርጥበት አለ፣ ቤቱ ይሞቃል፣ ምግቡ አይኮመጥጥም። ያኔ ይበቅልና መርዝ ይሠራል። መርዙ አይሸትም፣ በምላስ አይለይም፣ መረቁን ሳያደፈርስም ሊኖርበት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ኦሃዮ ውስጥ ላንካስተር በምትባል ከተማ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናኑ ከየቤታቸው ምግብ አምጥተው አብረው ተመገቡ። ልክ እንደ እኛ የጽዋ ማኅበር አስቡት። 77 ሰዎች ነበሩ፤ 29 ታመሙ፣ አንድ ሰው ሞተ። ምክንያቱ የድንች ሰላጣ ነበር። ድንቹ ቤት ውስጥ በጠርሙስ የታሸገ ሆኖ፣ የተሠራው በግፊት ድስት ሳይሆን በፈላ ውሃ ብቻ ነበር። በዚያ በኩል ጭነት ይዤ አልፋለሁ፤ ባለፍኩ ቁጥር ያቺ ሰላጣ ትዝ ትለኛለች። ሠሪዋ ቸልተኛ ነበረች ብዬ አላስብም፤ ውሃ ከፈላ በቃ ብሎ የማያምን ማን አለ?

ውሃ ደግሞ ሁሉም ቦታ እኩል አይሞቅም። ባሕር ጠረፍ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። እኔ የምኖርባት አውሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ከዴንቨር ጋር የተያያዘች ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃችን በ95 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፈላ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል እሳት ጨምሩበት፣ እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ያንን ዘር ለመግደል የሚያስፈልገው ደግሞ 116 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው። እዚያ የሚያደርሰው እንፋሎት ታፍኖ ግፊት ሲፈጥር ብቻ ነው። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

በእጄ የምሠራ ሰው ነኝ። ቁሌት ስሠራ ማንኪያ አልቆጥርም፤ ሽንኩርቱን አይቼ፣ ሽታውን ሰምቼ ነው የማውቀው። በጠርሙስ ሥጋ ላይ ግን ዓይንና አፍንጫ ሥራ የላቸውም። ሰዓት፣ ግፊት የሚለካው ጌጅና ወረቀት ብቻ። የምከተለው ወረቀት የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ያወጣው ሰንጠረዥ ነው፤ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የቤት ውስጥ ምግብ ማቆያ ማዕከልም በነፃ ያስነብበዋል። ደቂቃዎቹ በግምት የተጻፉ አይደሉም። ጠርሙሱ መሐል ሙቀት መለኪያ ከትተው፣ ለእያንዳንዱ የምግብ ዓይነት መሐሉ እስኪሞቅ የሚፈጀውን ጊዜ ለክተው ነው ያወጡት።

ወደ ዕቃው እንግባ።

ዋናው ፕሬዠር ካነር የሚባለው ትልቅ ድስት ነው። ቤታችን ያለው ሥጋ ቶሎ የሚያበስለው ትንሹ ፕሬዠር ኩከር አይደለም፤ እሱ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይበርዳል፣ ሰንጠረዡ የተሠራው ግን ለትልቁ ነው። ቢያንስ አራት የአንድ ኳርት (አንድ ሊትር ገደማ) ጠርሙስ አቁሞ መያዝ አለበት፤ የእኔ ሰባት ይይዛል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ ቁልፍ እየተጫንን ሩዝም ምስርም የምንሠራበት ድስትም ለዚህ አይሆንም፤ ቁልፉ ላይ "ካኒንግ" የሚል ተጽፎበት ቢሆን እንኳ እኔ አላምነውም። የምድጃችሁ ፊት መስታወት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መመሪያውን አንብቡ፤ ሰባት ጠርሙስ የሞላ ካነር ቀላል ሸክም አይደለም።

ጌጁ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መርፌ ያለው ነው፤ ሁለተኛው አናቱ ላይ የምትቀመጥ፣ ግፊቱ ሲደርስ የምትወዛወዝ ክብደት ናት። እንደ አውሮራ ያለ ከፍታ ላይ ባለ መርፌው 13 ፓውንድ ግፊት ማሳየት አለበት፤ ባለ ክብደት ከሆነ 15ቱን ትጠቀማላችሁ። ቆላ ላይ፣ ለምሳሌ ሂውስተን ያለ ሰው ባለ መርፌውን 11፣ ባለ ክብደቱን 10 ይጠቀማል። ከሂውስተን የመጣ ጓደኛዬ የራሱን ቁጥር ይዞ እዚህ ሊሠራ ነበር። ከተማ ስትቀይሩ ቁጥሩም ይቀየራል። ባለ መርፌው በየዓመቱ መመርመር አለበት፤ ብዙ ካውንቲዎች ውስጥ ያለው የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮ ይህን ይሠራል። የትራክ ፍሬን አየር ከ60 ፓውንድ በታች ሊወርድ ሲል ዳሽቦርዱ ይጮህብኛል፤ ካነር ግን ምንም ቢዋሽ አይጮህም።

ጠርሙሱ ሜሰን ጃር የሚባለው ነው። የማዮኔዝ፣ የቡና ወይም የማር ጠርሙስ አታምጡብኝ፤ ግፊቱን አይችሉትም፣ አፋቸውም ክዳኑን በደንብ አይዝም። ክዳኑ ሁለት ክፍል ነው፤ በጠርዙ ላይ ላስቲክ መሰል ነገር ያለው ጠፍጣፋ ቆርቆሮና እሱን የሚይዝ ቀለበት። ቀለበቱ ዝገት እስኪይዘው ያገለግላል። ጠፍጣፋው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከመነሳቴ በፊት ጎማ እንደምፈትሸው የእያንዳንዱን ጠርሙስ አፍ በጣቴ ዙሪያውን እዳስሳለሁ፤ ጥፍር የምትይዝ ትንሽ ስንጥቅ ካለች ያ ጠርሙስ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእስክሪብቶ ማስቀመጫ ነው።

ሥጋውን የማገኘው ብዙውን ጊዜ ከቅርጫ ነው። ለፋሲካ ስምንት ሆነን ከብራይተን ወጣ ብሎ ካለ ገበሬ በሬ እንገዛለን። የድርሻዬን ይዤ ስመጣ ፍሪዘሩ አይበቃኝም፤ ካነር የገዛሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ዓመት መብራት ጠፍቶ እኔ ኢንዲያና ሆኜ ያ ሁሉ ሥጋ ተበላሸ፤ ስመለስ የቤቱ ሽታ... ይቅር፣ አልናገረውም። ለጥሬ የሚሆነውን፣ ለጥብስ የሚሆነውን እናወጣለን። ለጠርሙስ የምለየው ከወርችና ከታፋ ያለውን ቀይ ሥጋ ነው፤ ከሱቅ ለሚገዛ ቸክ ወይም ራውንድ የሚሉት ነው። አጥንቱን አውጡ። ጮማውን ደግሞ እያዘናችሁም ቢሆን አስወግዱ። እኔም ጮማ ወዳድ ነኝ፤ ግን ስቡ ሲቀልጥ ወደ ጠርሙሱ አፍ ይወጣና ክዳኑ እንዳይይዝ ያደርጋል። ሥጋው ትኩስና በፍሪጅ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ሦስት ቀን የተንገላታ ሥጋ በጠርሙስ አይታደስም።

አቆራረጡ ከወጥ ሥጋ ከፍ ይበል፤ አውራ ጣቴን የሚያህል ውፍረት አደርገዋለሁ፣ ትንሽ ከሆነ በኋላ ይፈራርሳል። በትልቅ ድስት ላይ ትንሽ ዘይት አድርጌ ላዩ እስኪጠበስ፣ ውስጡ ግን ገና ቀይ እስከሆነ ድረስ አገላብጠዋለሁ። በሌላ ድስት ከአጥንቱ ያወጣሁት መረቅ እየፈላ ይጠብቀኛል፤ ስቡን ከላዩ ገፍፌዋለሁ። ጠርሙሶቹም በሙቅ ውሃ ታጥበው ሙቅ እንደሆኑ ይቆያሉ፤ የፈላ መረቅ ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ካፈሰሳችሁ "ጧ" ሲል ትሰማላችሁ። መቀቀል ግን አያስፈልጋቸውም፤ ያንን ሥራ ካነሩ ይሠራዋል።

ሥጋውን ላላ አድርጋችሁ ሙሉ፤ አትጠቅጥቁ። ለጣዕም ትንሽ ጨው እጨምራለሁ፤ እዚህ ጨው ሥጋ የማቆየት ሥራ የለውም፣ የተከለከለ ሰው ጨርሶ ቢተወው ምንም አይሆንም። ከዚያ የፈላውን መረቅ። ከአፉ በታች አንድ ኢንች፣ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ማለት ነው፣ ባዶ ይቅር። እኔ ሁልጊዜ የምጠራጠረው እዚህ ስለሆነ ክብሪት እንጨት ላይ ምልክት አድርጌ እለካለሁ። በቀጭን የፕላስቲክ መላሻ ጎን ለጎን ወርዳችሁ የታፈነውን አየር አስወጡ፤ መረቁ ከቀነሰ ሙሉበት።

አሁን የጠርሙሱን አፍ በሆምጣጤ በረጠበ ወረቀት ጥረጉ። አንድ ጊዜ አይበቃም። ወረቀቱን ቀይራችሁ ድገሙት፣ ከዚያ በደረቅ ጣታችሁ ዙሩት፤ ጣታችሁ ከተንሸራተተ ገና ስብ አለ ማለት ነው። ጠፍጣፋውን ክዳን አስቀምጡ፣ ቀለበቱን በጣት ጫፍ ጉልበት ብቻ አጥብቁ። የጎማ ብሎን አይደለም። በጣም ከጠበቀ በሙቀቱ ጊዜ አየሩ መውጫ ያጣል።

ካነሩ ውስጥ አምስት ወይም ሰባት ሳንቲሜትር ያህል ሙቅ ውሃ ይኖራል፤ ጠርሙሶቹን አይሸፍናቸውም፣ የሚያበስላቸው እንፋሎቱ ነው። ውሃው ላይ ትንሽ ሆምጣጤ ብትጨምሩ ጠርሙሱ ነጭ ሆኖ አይወጣም። ክዳኑን ቆልፉ፤ ቀዳዳው ላይ የምትቀመጠውን ክብደት (ባለ መርፌውም አለው) ግን ገና አታስቀምጡ። እንፋሎቱ በቀዳዳው እየፎጨ ሲወጣ ሰዓት ያዙና 10 ደቂቃ ሙሉ ይውጣ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። አየር ከእንፋሎቱ ጋር ተቀላቅሎ ከቀረ ጌጁ 13 እያሳየ ውስጡ ግን 116 ዲግሪ አልደረሰም። ግፊት አለ፣ ሙቀት የለም።

ከ10 ደቂቃው በኋላ ክብደቷን አስቀምጡ። መርፌው 13 ሲደርስ፣ ወይም ክብደቷ መወዛወዝ ስትጀምር፣ ያኔ ነው ሰዓት የሚጀምረው። ለፓይንት ጠርሙስ፣ ግማሽ ሊትር ገደማ የሚይዘው፣ 75 ደቂቃ። ለኳርት፣ የሱ እጥፍ ለሆነው፣ 90 ደቂቃ። ኳርት ልክ አንድ የኳስ ጨዋታ ነው ብዬ ስቀልድ የሰማኝ አንዱ በርግጥም ኳስ እያየ ሠራ፤ ጎል ሲገባ ጮሆ ሲመለስ መርፌው 9 ላይ ነበር። ግፊቱ ከሚገባው በታች ለአፍታም ቢወርድ እሳቱን ጨምራችሁ ወደ ቁጥሩ ትመልሱና ደቂቃውን ከዜሮ ትጀምራላችሁ። የቀረውን መጨረስ የለም። እኔ በርጩማ ስቤ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ፤ ስልኬን ሳሎን ትቼ።

ሲያልቅ እሳቱን አጥፉና ራቁ። ይህን ስል ከልምድ ነው። መጀመሪያ ዓመት፣ ከሶልት ሌክ ተመልሼ ሌሊቱ ሲጋመስ፣ እንቅልፍ ያዳፋኝ ጀመር። መርፌው 5 ላይ እያለ ክብደቷን በማንኪያ አነሳኋት። የሆነው ይኸው ነው፦ ውጪው ግፊት በድንገት ሲወርድ የጠርሙሶቹ ውስጥ ገና እየፈላ ስለነበር መረቁ ከየክዳኑ ሥር ተፍለቀለቀና ወጣ። ካነሩን ስከፍተው ውሃው ቡናማ ሆኗል፣ ስብ ተንሳፎበታል፣ ከዘጠኙ ፓይንት ሦስቱ አልያዙም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ፣ እኔም ለቀምኩ። አሁን መርፌው በራሱ ጊዜ ዜሮ እስኪገባ ምንም አልነካም። ከዚያ ክብደቷን አንስቼ ሌላ 10 ደቂቃ። ክዳኑን ስከፍት ከፊቴ በተቃራኒ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ የሚባል ነገር የለም።

ጠርሙሶቹን በፎጣ ላይ እያራራቃችሁ አሰልፉ። መረቁ ገና ይፈላል፤ አትደንግጡ። ትንሽ ቆይቶ ክዳኖቹ ተራ በተራ "ጥክ" ማለት ይጀምራሉ፤ ያቺ ድምፅ ወደ ውስጥ ሲሰረጉዱ ነው። ልጄ መኝታ ክፍሏ ሆና ትቆጥርልኛለች፤ "አባዬ፣ ሰባተኛው!" እያለች። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሳትነኩ ተዉአቸው። በማግስቱ ቀለበቱን ፍቱ፣ መሐሉን በጣት ተጫኑ፤ ካልተነቃነቀ፣ ጠርሙሱንም በጠፍጣፋው ክዳን ጠርዝ ብቻ ይዛችሁ ከፍ ስታደርጉት ካልለቀቀ፣ ይዟል። ያልያዘው ፍሪጅ ገብቶ በሦስት አራት ቀን ይበላል። ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ በአዲስ ክዳን ሙሉው ደቂቃ፣ ለፓይንት 75፣ ለኳርት 90፣ ይደገማል። ከላይ ያለውን ስብ አጥባችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ፣ ያለ ቀለበት ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡ፤ ቀለበቱ ከቆየበት ክዳኑ ቢለቅም አታዩትም። በዓመት ውስጥ ተጠቀሙት። እኔ ዘንድ ረጅሙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው፤ 55 ቀን ማንም ሳይነካቸው መደርደሪያው ላይ ይጠብቁኛል።

ትራክ ውስጥ ለሚይዝ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከ35 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ቦታ ለጠርሙስ አይሆንም፤ ሐምሌ ላይ አሪዞና ውስጥ መኪና አጥፍታችሁ ከሄዳችሁ ጋቢናው ከዚያ በላይ ነው። ዋዮሚንግ ደግሞ ጥር ላይ በረዶ ያደርገዋል፤ በረዶ ሲሆን ይሰፋና ክዳኑን ሊያስለቅቅ ይችላል። ስለዚህ ለጉዞው የሚበቃኝን ብቻ እይዛለሁ፤ ቤቴ ስደርስ ሳጥኑ አብሮኝ ይገባል።

"ለምን ወጡን ራሱን አታሽገውም?" የሚለኝ ብዙ ነው፤ ባለቤቴም ጠይቃኛለች። ዶሮ ወጥ በጠርሙስ! እኔም በሕልሜ አይቼዋለሁ። ግን አይሆንም። ቁሌት ወፍራም ነው፤ ሙቀት በቀጭን መረቅ ውስጥ እንደሚሄደው በወፍራም ወጥ ውስጥ አይሄድም፤ መሐሉ ላይ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቃል። ቅቤም እንዲሁ። ዱቄት፣ ሽሮ፣ ሩዝ ያለበት ነገር አይታሸግም። የተቀቀለ እንቁላል ቤት ውስጥ አሽጎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥም የለም። ስለዚህ ሥጋው ባዶውን ይግባ፤ ቁሌቱ ጠርሙሱ በተከፈተ ቀን ይሠራ። ሲታሰብም ይሻላል፤ የሰነበተ ቁሌት ማን ይፈልጋል?

የዶሮ ሥጋ ብቻውን ግን ይሆናል። አጥንቱ የወጣለት እንደ በሬው ሥጋ 75ና 90 ደቂቃ፤ ከነአጥንቱ ከሆነ 65ና 75። ለጾሙ ደግሞ ሽምብራና ቦሎቄ አሽጋለሁ፦ አሳድሬ ዘፍዝፌ፣ 30 ደቂቃ ቀቅዬ፣ ከነውሃው ከአፉ በታች አንድ ኢንች እስኪቀር ሞልቼ፣ በዚያው ግፊት 75 ደቂቃ ለፓይንት።

ቲማቲም ከሁሉ ይለያል፤ ኮምጣጣ ስለሆነ በፈላ ውሃ ይበቃዋል። የዚያ ተህዋስ ዘር ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይበልጥ ይኮመጥጣል) 4.6ና ከዚያ በታች በሆነ አሲድ ውስጥ አይበቅልም። ችግሩ ቲማቲም ሁሉ እኩል አይኮመጥጥም፣ አንዳንዱ ከመስመሩ በላይ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፓይንት አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ለኳርት ሁለት፣ የሎሚ ጭማቂ ይገባል። ጭማቂው ከሱቅ በጠርሙስ የሚሸጠው ይሁን፤ የግቢያችን ሎሚ ቢጥምም አሲዱ ከፍሬ ፍሬ ይለያያል። የተፈጨውን ቲማቲም በእኛ ከፍታ ፓይንቱን 45፣ ኳርቱን 55 ደቂቃ አፈላዋለሁ፤ እዚህ ውሃው ጠርሙሶቹን ከላይ ይሸፍናቸዋል። ሽንኩርትና ቃሪያ ልጨምርበት ካላችሁ ግን አሲዱን ታበላሹታላችሁ። ቲማቲሙን ብቻውን ተዉት።

ከማሸግ ባይቆጠርም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ በየሐበሻው ቤት አይቼዋለሁና። ነጭ ሽንኩርት ፈጭተን ዘይት አፍስሰንበት ምድጃው አጠገብ እናስቀምጣለን። ዘይቱ አየሩን ይዘጋል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከአፈር የወጣ ነው፤ ያው ተህዋስ ነው የሚጠብቀን። እ.ኤ.አ. በ1985 ቫንኩቨር ውስጥ በምግብ ቤት 36 ሰው የታመመው እንዲህ ባለ ነጭ ሽንኩርት ነው። ፍሪጅ አስገብታችሁ በአራት ቀን ውስጥ ጨርሱት፣ ወይም በበረዶ መሥሪያ ሳህን አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አኑሩት።

ክዳኑ ያበጠ፣ ስትከፍቱት የተፍለቀለቀ ወይም ሽታው የተለየ ጠርሙስ ካገኛችሁ አትቅመሱት። "እስቲ በምላሴ" የሚባል ነገር የለም። ያበጠውን ሳትከፍቱ፣ የተከፈተውንም እንዳለ፣ በድርብ ፕላስቲክ አስራችሁ ውሻና ልጅ የማይደርስበት ጣሉት። ደግሞ የታሸገ ነገር ከበላችሁ በኋላ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያችሁ፣ የዓይናችሁ ቆብ ከወረደ፣ ምላሳችሁ ከተሳሰረ ወይም መዋጥ ካቃታችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ነው የሚጀምረው፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱና ቤት የታሸገ ምግብ እንደበላችሁ በግልጽ ተናገሩ። መድኃኒት አለው፤ ቶሎ ሲሰጥ ነው የሚጠቅመው።

አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቴ ይህን ሁሉ ስነግራት "ጋሼ፣ እኔም በፕሬዠሬ ልሞክረው?" አለችኝ። ያላት ሩብ በግ የማይበቃው ትንሹ ድስት ነው። አይሆንም አልኳት። ካነር ብታገኚ እንኳ በአንቺ ከፍታ መርፌው 14 ማሳየት አለበት፣ ክብደት ከሆነ 15፤ አንቺ ቋንጣሽን ስቀይ። ሳቀች፤ "እሱማ ተሰቅሏል፤ ልላክልህ እንዴ?" ጉምሩክ እንደማያሳልፈው እያወቀች ነው የምትቀልደው።

ኖርዝ ፕላት ላይ እንግዲህ እንዲህ ነው። ጠርሙሱን ከመክፈቴ በፊት መሐሉን እጫናለሁ። የጠርሙስ መክፈቻ ከጠርዙ ሥር አስገብቼ ሳነሳው "ፍስ" ብሎ አየር ይስባል። ሥጋውን ከነመረቁ ትንሿ ድስት ላይ አደርግና ክዳን ገጥሜ 20 ደቂቃ አፈላዋለሁ። የተባለው 10 ደቂቃ ሆኖ በየ1,000 ጫማ ከፍታ አንድ ደቂቃ ይጨመራል ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ሜዳ ነገ ተራራ ላይ ስለምውል ሁሉንም 20 ብዬ ዘጋሁት። በትክክል የታሸገ ከሆነ አያስፈልገውም፤ መርዙ ቢኖር ግን በዚህ ይጠፋል፣ ለእኔ ደግሞ ዋጋው ጋዝ ብቻ ነው። በሌላኛው ምድጃ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላለሁ፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ ሲያር መረቁን ጠብ እያደረግኩ። ሥጋው በማንኪያ ጫፍ ይበታተናል። ድርቆሹን ሰባብሬ እጨምራለሁ፤ አንድ ሁለቴ አገላብጬ እሳቱን አጠፋለሁ፣ መረቁን ጠጥቶ ላላ ሲል ነው የሚበላው። አጠገቤ የቆመው ሾፌር ሽታው ስቦት መስኮት ሲያንኳኳ ሹካ እሰጠዋለሁ።

ባዶውን ጠርሙስ አጥቤ ወደ ሳጥኑ እመልሰዋለሁ። ቀለበቱ ቤት ይጠብቀዋል። ጠፍጣፋውን ክዳን ግን እዚያው አጣጥፌ እጥለዋለሁ፤ ቤት ከደረሰ አንድ ቀን ክዳን ባለቀብኝ ጊዜ አንስቼ እንደምጠቀምበት ራሴን አውቀዋለሁና።